ቡና በድሪል ያስፈጨችው እቴ የዝና

እቴ የዝና ዐረፈች ሲሉኝ ጅጋ ገበያ ጣውላ እየመረጥኩ ነበር። የነገረኝ አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው።

«አያ ደመላሽ፣ ሰምተዋል? እቴ የዝና ዐረፉ።»

«አላረፈችም» አልኩት።

«ኧረ ዐርፈዋል! ቡሬ፣ ልጃቸው ቤት። ቀብሩ ነገ ነው አሉ።»

«ትናንት ደውላ ሰድባኛለች። የሞተ ሰው አይሳደብም።»

ሰውዬው አንገቱን አከከና፣ «እንግዲያ የሞቱት ሰድበዎት ሲጨርሱ ነዋ» አለኝ።

ጣውላውን ለባለቤቱ መልሼ መንገድ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ስድቧ ስለ በር ነበር። ለልጇ ቤት የሠራሁት በር በዝናቡ አብጦ አልከፈት ብሏት፣ «በርህ ቁርጥ አንተን ነው፤ ሰው በትከሻው ካልገፋው እሺ አይልም» አለችኝ። «ክረምቱ ይውጣና በመላጊያ እልገዋለሁ» አልኳት። «ክረምቱ ሳይወጣ እኔ ብወጣስ?» ብላ ሳቀችና ስልኩን ዘጋችው። ደህና ዋል እንኳ አላለችም። ድሮም አትልም።

በለቅሶው ላይ ብዙ ተባለ። «ደግ ነበሩ» ተባለ፤ እውነት ነው። «እጃቸው በረከት ነበረው» ተባለ፤ ይኼም እውነት ነው። «ታጋሽና ዝምተኛ ነበሩ» ያለው ሰውዬ ግን ወይ አያውቃትም፣ ወይ የሌላ ሰው ለቅሶ መስሎት ነው የመጣው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ከእንጨት ልክ በቀር ብዙ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሆኖም ዝምተኛ ተብላ እንድትቀር አልፈልግም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ቆርቆሮ ተለያይተን ኖረናል፤ የእኔ አናጢ ቤት በዚህ፣ የእሷ ጓሮ በዚያ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

አጭር ሴት ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ነው የምታስረው፤ ትከሻዋ ላይ ካየሁት ወይ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ነው፣ ወይ ታማለች። በጣቷ አታሳይም፣ በአገጯ ነው። በር አታንኳኳም፤ ድንጋይ አንስታ ቆርቆሮውን ትመታዋለች። አንድ ጊዜ ከሆነ «ና ቡና ጠጣ» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «መጋዝህን አቁም፣ ጋደም ልል ነው» ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ ጠብ አለ።

በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። የአገራችን ወግ ታላቅን አንቱ ማለት ነውና መጀመሪያ ጎረቤት ስንሆን አንቱ አልኳት።

«ስማ፣ አንተ እንጨት» አለችኝ። «ሰፈሩ በሙሉ አንቱ እያለ መሳደብ ከለከለኝ። አንቱ ያለኝን ሰው እንዴት ብዬ ልስደበው? አንድ ሰው እንኳ ተውልኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ። ሰው ሲሰማኝ ብልግና ይመስለዋል፤ በእሷ ትእዛዝ ነው።

የእቴ የዝና ነገር ቡና ነው። በሰፈራችን ለቅሶም ይሁን ክርስትና፣ የማኅበር ድግስም ይሁን የደብር ሥራ፣ ሌላው ሴት ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይማግዳል፣ ቆሎ ያዘጋጃል፤ ቡናውን ቆልቶ የሚወቅጥ ግን የእሷ እጅ ነው። ማንም አልቀጠራትም። ባሏ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ የያዘችው ቦታ ነው። ሌላ ሴት ዘነዘናውን ከነካችባት «እናትሽ ቤት ሙቀጫ የለም?» ትላለች። ሌላ ሴት ከቤቷ ወቅጣ ካመጣችም እሷ በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ ታየዋለች። «ይኼ ጠጠር ነው» ካለች ይመለሳል። «ይኼ ትቢያ ነው» ካለች ደግሞ ጥፋተኛው ይፈለጋል፤ የላመ መልሶ አይሻክርምና።

በእኛ አገር ወንድ ቡና አይወቅጥም። እኔ ሙቀጫ እፈለፍላለሁ፣ ዘነዘና እጠርባለሁ፣ ገበያ አውጥቼ እሸጣለሁ። ወቅጬ ግን አላውቅም። አንድ ቀን ሚስቴ ታማ ልሞክር ብል፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና «በሩን ዝጋው፣ ሰው እንዳያይህ» አለችኝ። እኔም በሩን ዘጋሁና ቡናውን ተውኩት።

አንድ መስከረም እቴ የዝና ከደምበጫ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። ወጌሻ መለሰላት፣ ሐኪም ቤትም ሄደች። ቁስሉ ዳነ፣ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልነሳ አለ። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔን በአገጯ ታዛለች። ዘነዘና ግን ካልተነሳ አይወርድም።

ጥር ላይ የሴቶቹ ዕድር ተሰበሰበ። ዳኛዋ እቴ አንጓች ነች። መልካም ሴት ነች፤ ድምጿ ግን ጡሩንባ ነው። «እቴ የዝና፣ ብዙ ደክመዋል። ከእንግዲህ ይቀመጡ፣ ቡናውን እኛ እንያዝልዎ» አለቻት። በክብር ነው ያለችው። ወንበርም አስመጣችላት።

እቴ የዝና ከዚያ ስብሰባ ስትመለስ ቆርቆሮዬ ሦስት ጊዜ ተመታ።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ብዬ ወጣሁ።

«ወንበር ሰጡኝ» አለችኝ።

«ታዲያ ወንበር ይጠላል?»

«አንተ እንጨት! ሰውን ከሚሠራበት ቦታ አንስተው ወንበር ከሰጡት፣ ቀጥሎ የሚሰጡት አልጋ ነው። ከአልጋ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ አንተው ነህ የምትሠራው።»

የሬሳ ሳጥን ማለቷ ነው። እሱንም እሠራለሁ።

ልጇ ነገሩን ቡሬ ሆኖ ሰማና የእጅ ቡና መፍጫ ገዝቶ ላከላት። ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነች፤ ከላይ ቡና የሚጨመርበት የብረት አፍ አላት፣ ከታች ዱቄቱን የምትቀበል መሳቢያ፣ አናቷ ላይ ደግሞ የሚዞር እጀታ። «በግራ እጅሽ አዙሪው» አላት። አዞረችው። አንዲት ጭብጥ ቡና እስክትፈጭ ድረስ አቡነ ዘበሰማያት ሰባት ጊዜ ይደገማል። ለራሷ ይበቃታል። ለዕድር ሰው ግን የዛሬው ለቅሶ ቡና የሚደርሰው ለሰልስቱ ነው።

አንድ ጠዋት ሳጥኗን ታቅፋ ሱቄ ደጃፍ ተቀመጠች። እኔ በር ላይ ማጠፊያ እገጥማለሁ። ድሪሌ ገመድ የለውም፣ ባትሪ የሚጎርስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰው ልኬ ያስመጣሁት፣ ከሚስቴ ቀጥሎ የማንንም እጅ የማላስነካው። እያየችው እንደሆነ ገባኝ። አገጯ ወደ ድሪሉ ዞሯል።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን አልኩህ?»

«ልትይ ያሰብሽውን ነው የመለስኩት። ድሪሌ የእንጀራዬ ነው፣ ቡና አያውቅም።»

«የእንጀራ የሆነ ነገር ለቡናም ይሆናል።»

«አይሆንም ብያለሁ።»

«እሺ» አለች። ሳጥኗን ይዛ ሄደች። እሺ ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቆሮው ዝም አለ። አንድም ጊዜ፣ ሁለትም ጊዜ አልተመታ። እኔ ደግሞ ካልኩት ቃል አልመለስም፤ ይህ ጠባዬ ነው፣ ያበላሸብኝ ነገር ብዙ ነው። አንድ ቀን ሄደ፣ አራት ቀን ሄደ። የቡናዋ ሽታ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይመጣል፣ ጥሪው አይመጣም። በስምንተኛው ቀን ራሴ ድንጋይ አነሳሁና ቆርቆሮውን መታሁት።

«ማነው?» አለች፣ ማን እንደሆነ እያወቀች።

«ሳጥኗን አምጫት።»

እጀታውን የያዘውን ዳዶ፣ የብሎን ማጥበቂያውን፣ ፈትቼ አወጣሁት። ከሥሩ ጥርስ ያለው ዘንግ ብቅ አለ። ዘንጉ ላይ ሁለት ዳዶ አጣብቄ አሰርኩበት። ጋራዥ ሄጄ ዳዶውን ልክ የሚውጥ ቡሶላ ለምኜ አመጣሁ፤ ቡሶላ የሚሉት ያንን ብሎን ላይ ገጥመው የሚያዞሩትን ቁልፍ ነው። ቡሶላውን ድሪሉ አፍ ውስጥ አጠበቅኩት። አሁን ድሪሉ ሲዞር ሳጥኗ ትፈጫለች ማለት ነው። እቴ የዝና ሳጥኗን በጉልበቶቿ መሃል አቀፈቻት፣ እኔ ከላይ ድሪሉን ገጠምኩና ቃታውን ሳብኩ።

ድሪሉ ዞረ። ሳጥኗም ዞረች። እቴ የዝናም ልትዞር ትንሽ ቀራት! ሳጥኗ ከጉልበቷ አምልጣ ግድግዳ መታች፤ ቡናው ሰጋቱራ ውስጥ ተበተነ፤ አንዱ ፍሬ ሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ገባ። ሞተች ብዬ ዞር ስል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ኧረግ! ይኼማ ወይፈን ነው!» አለች። «ወይፈን በመጀመሪያ ቀን ቀጥ ብሎ አያርስም። እሰረው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሪሌ ስሙ ወይፈኑ ሆነ።

አሰርኩት። ሳጥኗን በወፍራም ጣውላ ላይ አስቀምጬ ግራና ቀኟን በእንጨት ደገፍኳት፣ ከላይ ሞፈር በሚታሰርበት ጠፍር ጠፈርኳት። አሁን አትንቀሳቀስም። ቃታውን ሳብኩ፤ ቡናው በአንድ ትንፋሽ አለቀ። መሳቢያዋን ከፍቼ በኩራት ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ፊቷን አጨፈገገች።

«ሁለተኛ ቆላኸው» አለችኝ። «ሙቅ ነው፣ ንካው። በፍጥነት ብዛት አቃጠልከው።»

«ቶሎ እንዲያልቅ ነው እንጂ…»

«ቃታውን እንዴት ነው የያዝከው? ሽፍታ ያየህ ትመስላለህ! ይኼ ጥይት አይደለም፣ ጥገት ነው። እንደ ላም ጡት ቀስ፣ ቀስ እያደረግህ ሳበው። ሲበዛ ትራገጣለች፣ ሲያንስ ወተት ትከለክላለች።»

እኔ ስድሳ ዓመት ያለፈኝ አናጢ፣ በገዛ ድሪሌ ማለብ ተማርኩ። ቀስ ብዬ ሳብኩ። ሳጥኗ እርር፣ እርር እያለች ፈጨች። እቴ የዝና ዱቄቱን አሸት አደረገች፣ አንዴ ደገመች፣ ምንም አላለችም። ዝም ያለችበት ቡና ጥሩ ቡና ነው። የሙሉ ጭብጥ ቡና አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አላስጨረሰም።

በማግስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እቴ አንጓች ቤት ሄደች፤ እኔንም ለምስክርነት ወሰደችኝ። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በመጀመሪያው ሳምንት ሐሙስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን ምእመኑ ወጥቶ የቤተ ልሔሙን ጣሪያ ሊያነሳ ተቀጥሯል። እኔም አናጢው ነኝ።

«የሐሙሱ ቡና የእኔ ነው» አለቻት።

«እቴ የዝና፣ በየትኛው ክንድዎ?»

«በአያ ደመላሽ ወይፈን።»

እቴ አንጓች አየችኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ሰማንያ ሰው ነው እኮ የሚወጣው» አለች አንጓች። «እዚያ መብራት የለ፣ ወፍጮ ቤት የለ። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ይውልና ቡና ቢያጣ የሚሰደበው ዕድሩ ነው።»

«ስሚኝ አንጓች። የሐሙሱ ቡና ከተበላሸ ወንበርሽን እወስዳለሁ፤ ሁለተኛ ስለ ቡና አፌን አልከፍትም። ካልተበላሸ ግን ወንበሩ ላይ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

«በእግዜር ፊት?»

«በዚህ እንጨት ፊት» አለች፣ በአገጯ እኔን እያሳየች።

የሚቀጥለው ጥፋት የእኔ ነው። ሰው እቴ የዝና አጠፋች ብሎ ሲያወራ ሰምቻለሁና በግልጽ እጽፈዋለሁ።

ቅበላ እሑድ፣ ጾም ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ለብቻዬ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሳጥኗን ሞከርኳት። ዘንጉ ሲጢጥ ይላል። ያ ድምፅ ጥርሴን ያመኛል፤ ብረት ሲጮህ ዝም ካላሰኘሁት አልቀመጥም። የማሽን ዘይት ቡናውን ሽታ ያሲዘዋል ብዬ ተውኩት። ቤት ስገባ ሚስቴ ከጾሙ በፊት ማለቅ ያለበትን ቅቤ ከቅሉ ጠርጋ አስቀምጣዋለች። ደስ አለኝ። በጣቴ ዛቅ አድርጌ ወደ ሱቄ ወሰድኩና ዘንጉን ላይና ታች አጠጣሁት። ሲጢጡ ጠፋ። እጄን ጠረግኩና ሱቄን ዘጋሁ። ሰኞ ጾም ገባ። እቴ የዝና የመጀመሪያውን ሳምንት ለራሷ ቡና ስለማትጠጣ ሳጥኗን ማንም አልነካት። እኔም ረሳሁት። በሬ ሲያርስ ኖሮ ቀንበሩን ይረሳል?  እኔ ረሳሁ።

ሐሙስ ጠዋት ደጀ ሰላሙ ጥግ ላይ ጣውላውን ዘረጋን። ቅዳሴ ሳይገባ ድምፅ ማሰማቱን ልንጨርስ ነው። እሷ ቡናውን በግራ እጇ ትጨምራለች፣ እኔ ወይፈኑን እይዛለሁ፤ ፈጭተን ፈጭተን አንድ ትልቅ ጣሳ ሞላን። ሴቶቹ እየመጡ ያያሉ፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይሳሳቃሉ። እቴ አንጓች ግን ጥንቁቅ ነች። ሦስት ሙቀጫ በመጠባበቂያ አምጥታ፣ ጨርቅ አልብሳ፣ እንደ ሙሽራ ግድግዳ ሥር ደርድራቸዋለች። ከዚያ እኔ ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ቅዳሴ ሲገባ ሥራው ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጣ። ሰማንያ ሰው፣ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ፣ በጥላው ሥር ተደርድሮ ተቀመጠ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ቆሎው ዞረ፣ ቡናው በትልቁ ድስት ፈልቶ በማንቆርቆሪያ ይቀዳ ጀመር። ቄሰ ገበዙ ጸሎቱን እያሳረጉ ነው። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች ስኒ ይዘዋል። ለእኔም ደረሰኝ።

ስኒውን ዝቅ አድርጌ ሳይ፣ ፀሐይ ስትነካው፣ ቡናው ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ዓይን ተንሳፍፋ አየኋት።

ቡና ዓይን የለውም። ቅቤ ነው ዓይን ያለው።

ዝም ልበል አልኩ። ዋሽቼ አላውቅም አልልም፣ ዋሽቻለሁ። ትንሽ ነች፣ ማን ያያታል አልኩ። ደግሞ እቴ የዝናን አየኋት፤ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጇ ይዛ እንደ ሙሽራ እናት ትንጎራደዳለች። ብናገር ቦታዋን ላሳጣት ነው። ዝም ብል ሰማንያ ሰው በሁዳዴ ላስገድፍ ነው። ሄጄ ጆሮዋ ሥር፣

«እቴ፣ ቅቤ ቀብቼዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዘንጉን። ሳጥኗን።»

«መቼ?»

«ቅበላ እሑድ።»

አየችኝ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችና ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሰዎች ሆይ! ስኒ አስቀምጡ! ማንም እንዳይቀምስ!»

ቄሰ ገበዙ ጸሎታቸውን አቆሙ። «ምን ሆነሽ ነው፣ የዝና?»

«መፍጫው ቅቤ ነክቶታል አባቴ። ቡናው የፍስክ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔ አፌን ስከፍት በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። ሰው ሁሉ ስኒውን እንደ እሳት ፍም መሬት አኖረ። ከአንድ ሰው በቀር። አያ ሙጨ የሚባል፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ፣ ጸሎቱ ማለቁን ሳይጠብቅ ስኒውን ጨልጦ ደግመው እንዲቀዱለት እጁን ዘርግቷል።

«አያ ሙጨ! ቅቤ አለበት!» ብለው ጆሮው ላይ ጮኹበት።

«ለካ!» አለ። «እኔስ ዛሬ ምን ጨመሩበት ብዬ ነበር፤ እንዴት ይጣፍጣል!»

ቄሰ ገበዙ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። «ሳያውቅ ነው። ሃያ ስገድ» አሉት። አያ ሙጨ እያጉረመረመ ተነስቶ ሰገደ። በየስግደቱ መሃል ወደ ስኒው ይመለከታል።

እቴ አንጓች ግን አልሳቀችም። «ብረት ቡና ውስጥ ምን አገባው ብለን ነበር!» አለች። «ሙቀጫ መቼ ቅቤ ተቀብቶ ያውቃል? እቴ የዝና፣ ቃል ቃል ነው።»

«ቃል ነው» አለች እቴ የዝና። «ግን የተባለው የሐሙሱ ቡና ከተበላሸ ነው። ሐሙስ ገና አልመሸም። ለሁለተኛ ዙር የቆላሁት ቡና አለ። አንቺ ሙቀጫሽን ግለጪ፣ እኔ ወይፈኔን ልጥመድ። ሰዉ ቆሎውን እየቆረጠመ ይፍረድ።»

ድስቱን ዘቅዝቃ ያንን ሁሉ ቡና ዛፍ ሥር ደፋችው። እኔ ሳጥኗን ብልት ብልቷን ፈታሁ፤ እሷ በአመድና በፈላ ውሃ ፈተገቻት፣ ፀሐይ ላይ አደረቀቻት፣ ሁለት ጭብጥ ቡና ፈጭታ እሱንም ደፋችው። እስከዚያ ሦስቱ ሙቀጫዎች ዱም፣ ዱም እያሉ ብዙ ርቀውናል። ጀመርን። እኔ ግን ከንጋት ጀምሮ ሥራ ላይ የዋልኩ ጾመኛ ነኝ፤ አሥር ጊዜ ያህል እንደፈጨሁ ክንዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድሪሉ ዘንጉ ላይ ይዘላል። አንጓች ከዚያ ማዶ ሆና «በርቱ! በርቱ!» ትላለች ለሴቶቿ።

እቴ የዝና በአገጯ አንድ ጎልማሳ አመለከተች። የሽንዲ መንገድ ገበሬ ነው፣ ትከሻው እንደ በር። ከጀመርን ጀምሮ ዓይኑን ከድሪሉ አልነቀለም።

«አንተ፣ ና። ወይፈን ታውቃለህ?»

«ወይፈንማ ምን ጠፍቶኝ!»

«እንግዲያ ያዘው። ጥይት አይደለም፣ ጥገት ነው። ቀስ።»

ያዘው። ቀስ አድርጎ ሳበ። ሳጥኗ እርር አለች። የሰውየው ፊት በራ። አንድ መሳቢያ ጨርሶ «ልድገም?» አለ። ከኋላው ያለው፣ «ኧረ ለእኔም አድርስ!» አለ። ሦስተኛው መጣ። አራተኛው መጣ። ዞር ስል ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተሰልፈዋል።

አንዷ ልጃገረድ ከሴቶቹ መሃል፣ «እዩዋቸው! ቡና እየፈጩ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሰልፉ ቀጥ አለ። ገበሬው ድሪሉን እንደያዘ ፈዘዘ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

«ቡና መፍጨት አይደለም» አለ ከሰልፉ መሃል አንዱ፣ ኮስተር ብሎ። «ማሽን መንዳት ነው።»

«ማሽን ነው! ማሽን ነው!» አሉ ሁሉም፣ ሰልፉም ቀጠለ። ሴቶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሙቀጫ ይወቅጡ ከነበሩት ሦስቱ አንዷ ዘነዘናዋን አስቀመጠች። ሁለተኛዋም አስቀመጠች።

«ምን ሆናችሁ ነው የምታቆሙት?» አለች እቴ አንጓች።

«ወንዶቹ እየፈጩ እኛ ምን ቆርጦን?» አለቻት ሦስተኛዋ፣ ላቧን እየጠረገች።

አንጓች ዞር ብላ ሰልፉን አየች። ከፊት ሦስተኛ ላይ የገዛ ባሏ ቆሟል።

«አንተ!» አለች በዚያ ጡሩንባ ድምጿ። «ቤት የጠጣህበትን ስኒ እንኳ አታነሳ! አርባ ዓመት ሙሉ!»

«ይኼ እኮ ማሽን ነው፣ አንጓች» አላት፣ ተራው እንዳያመልጠው ወደ ፊት እየተጠጋ።

እቴ አንጓች እንደዚያ ቀን ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከደጀ ሰላሙ ወንበር አወጣች፣ በሰው ሁሉ ፊት መሃል ላይ አስቀመጠችውና ራሷ ተቀመጠችበት።

«የእኛን ወንዶች ቡና ያስፈጨች ሴት ከቦታዋ አትነሳም» አለች። «እቴ የዝና፣ ይቅዱልኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰማንያውም ሰው ጠጣ። አያ ሙጨ ቀምሶ፣ «የመጀመሪያው ይሻል ነበር» አለ። ቄሰ ገበዙ አልሰማሁም ብለው አለፉት።

ከዚያ ወዲህ፣ ልጇ ወደ ቡሬ እስኪወስዳት ድረስ፣ በለቅሶውም በድግሱም ቡናው የእሷ ነበር። ሳጥኗን በዘይት እንኳ እንዳልነካ አስምላኛለች። ወንዶቹም ድሪሉን ለመያዝ ይጣሉ ነበር፤ ዘነዘና ግን እስካሁን አይነኩም።

የዚያን ሐሙስ ወደ ከተማ ስንመለስ እኔ ጣውላውን ተሸክሜያለሁ፣ እሷ ሳጥኗን በግራ እጇ አቅፋለች። ነገሩ ከበደኝ፤ በሆዴ ማሳደር አልችልም።

«እቴ፣ ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ለምን ስሜን አልጠራሽም?»

«ብጠራህ ምን ታደርግ ነበር?»

አሰብኩ። መልሱን ለማግኘት ብዙ አልሄድኩም።

«አኩርፌ፣ ድሪሌን ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።»

«ታዲያ ቡናው በምን ይፈጭ?» አለችና ቀድማኝ ሄደች።